አሮጌ ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ ላይ በትንሽ ወጪ ቱርቦ የገጠመ አለ?

ዳገት_ፈሪ

ሰላም ለሁላችሁም። ያለኝ አሮጌ ላንድክሩዘር ነው፤ ሞተሩ 1ኤችዜድ። 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ ቱርቦ (በጭሱ ጋዝ እየዞረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) የለውም። ስለ ጥንካሬው ክፉ አላወራም፣ እሱን አምኜ ነው እዚህ የደረስኩት። ጉልበት ግን የለውም። ሜዳ ላይ ምንም አይልም። ዳገት ሲመጣ ነው ጉዱ፦ ጭነት ካለ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ተቸንክሬ፣ ከኋላዬ ጥቁር ጭስ እየለቀቅኩ፣ የተሰለፉትን መኪኖች በስፖኪዮ እያየሁ እሳቀቃለሁ። የምነዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ይብስበታል።

ሙሉ ኪት የመግዛት አቅም የለኝም። ያገለገለ ቱርቦ ግን እጄ ገብቷል። ሲቲ26 ነው፣ ከ1ኤችዲ-ቲ ሞተር የወጣ። ሌላውን ከጓደኞቼ ጋር ራሴ እሠራዋለሁ። ጥያቄዎቼ፦ ስንት ግፊት ይችላል? ሞተሩን መፍታት አለብኝ ወይ? የት ላይ ልቆጥብ፣ የት ላይ ብቆጥብ ነው የምጸጸተው?

ተቃጥዬ_ተማርኩ

የመጨረሻውን ጥያቄ እኔ ልመልስልህ፤ ከፍዬበታለሁና።

ሞተሬ ያው ያንተው ነው። ቱርቦውን ገጠምኩ፣ ግፊቱን 0.8 ባር አደረግኩት፣ ከዚያ የናፍጣ ፖምፓው ጀርባ ላይ ያለችውን፣ ነዳጅ የምትጨምረውን ቪቴ አንድ ሙሉ ዙር አጠበቅኳት። መኪናው ተለወጠ። ሰው እየጠራሁ አስነዳሁ። የጭስ ማውጫ ሙቀት መለኪያ ግን አልገጠምኩም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ይበቃኛል አልኩ። ያ የሚለካው የራዲያተር ውሃ ነው! ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ፒስተኑ ላይ የሚሆነው ሆኖ አልቋል።

ሦስት ሳምንት በደስታ ነዳሁ። ከዚያ ውሃ መጉደል ጀመረ። የሚፈስበት ቦታ ብፈልግ የለም። ቴስታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለው የሞተሩ ራስ) ሲወርድ በሁለቱ ቫልቮች መካከል ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ አየን። አንድ ሲሊንደር ላይ ብቻ መስሎኝ ነበር። በጨርቅ እየጠረግን ስናየው አራቱ ላይ ነበረች።

ስለዚህ ከቱርቦው በፊት የሙቀት ጌጅ ግዛ። ቱርቦው ይቆይ።

ቤንዚን_ይሻላል

0.8 እኮ ብዙ አይደለም። ችግርህ ምናልባት ነዳጅ አንሶት ነው። ነዳጅ ሲያንስ ሞተር ይግላል፣ ይሄ የታወቀ ነው።

አሮጌ_መፍቻ

ቤንዚን_ይሻላል፣ ልጄ፣ ስምህ ራሱ ተናገረብህ። እሱ የቤንዚን ሕግ ነው። ናፍጣ ላይ ተገላቢጦሽ ነው የሚሠራው።

ቤንዚን ሞተር አየርና ነዳጅ በተወሰነ መጠን መመጣጠን አለባቸው። ጫና ላይ ሆኖ ነዳጁ ሲያንስ ይግላል፣ ያንኳኳል፣ ፒስተን ይበሳል። ናፍጣ ሞተር ግን የአየሩን በር ዘግተህ አትቆጣጠረውም። የሚችለውን ሁሉ አየር ይስባል፣ አንተ በእግርህ የምትለውጠው ነዳጁን ብቻ ነው። ነዳጅ ጨመርክ፣ ሙቀት ጨመርክ። አየር ጨመርክ፣ አበረድከው። ይሄን አንድ ነገር የያዘ ሰው የናፍጣ ሞተር አያቃጥልም።

ዳገት_ፈሪ፣ አሁን ወደ አንተ ልምጣ። የእኛ ሞተር መጭመቂያው (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ልክ) 22.4 ለ 1 ነው። ነዳጁም በቀጥታ ፒስተኑ ላይ አይረጭም፣ ቴስታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው እሳቱ የሚጀምረው። ስለዚህ ሙቀቱ ቴስታው ላይ ይከማቻል። ተቃጥዬ_ተማርኩ ያያት ስንጥቅም ከዚሁ የመጣች ናት። ቶዮታ ራሱ ይሄን የመሰለ 4164 ሲሲ ሞተር ላይ ቱርቦ ሲያደርግ፣ ማለትም ያንን 1ኤችዲ-ቲ ሲሠራ፣ ነዳጁን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር እንዲረጭ አድርጎ መጭመቂያውን ወደ 18.6 ነው ያወረደው። ቱርቦ ብቻ አምጥቶ አልቀጠለበትም። እኛ ግን መቀጠላችን ነው። ስለዚህ በልክ።

ስለ ግፊት፦ ያልተፈታ ሞተር ላይ 0.5 ባር፣ ቢበዛ 0.6። ፈትተህ በአዲስ የፒስተን ፋሻ ብትገጥመውም ከዚህ ብዙ አልጨምርልህም፣ ቴስታው ያው ነውና።

ዳገት_ፈሪ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን ግራ አጋባኝ። ነዳጅ ሳልጨምር አየር ብቻ ብጨምር ጉልበቱ ከየት ይመጣል? ሁሉም ሰው ቪቴውን ካልነካህ ቱርቦው ጌጥ ነው ይለኛል።

ቁጥር_ወዳድ

ይሄ ጥያቄ ደስ አለኝ፤ ካልኩሌተሬን ይዤ መጣሁ 😄

2400 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ 0.756 ባር ገደማ ነው። ባሕር ጠለል ላይ 1.013 ነው። ማለት ሞተርህ ገና ሳይነሳ ከአየሩ አንድ አራተኛውን አጥቷል። ፖምፓህ ግን ነዳጁን የሚለካው ባሕር ጠለል ላይ በተቀመጠለት ልክ ከሆነ፣ ያ ነዳጅ የሚቃጠልበት አየር የለም። ያ ጥቁር ጭስ ምን ይመስልሃል? የከፈልክበት ናፍጣ ነው።

አሁን 0.5 ባር ጨምር። ጌጅህ የሚያሳይህ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ስለሆነ፣ የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊት 1.256 ይሆናል። ለቱርቦው ግን ሥራው 0.5 ብቻ አይደለም። 0.756 ተቀብሎ 1.256 ማድረግ አለበት፣ 1.66 እጥፍ ማለት ነው። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ለዚያው 0.5 ባር 1.5 እጥፍ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ስለዚህ እኛ ከፍታ ላይ ያለን ሰዎች ቱርቦውን ይበልጥ እናለፋዋለን።

አየር ሲታመቅ ይሞቃል። የውጭው አየር 20 ዲግሪ ቢሆንና የቱርቦው ብቃት 70 በመቶ ቢሆን 85 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል። ሙቅ አየር ሳሳ ያለ ነው። ይሄን ሁሉ ሳካትተው ያለ ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የወጣውን አየር የሚያበርደው) የምታገኘው አየር አሁን ካለህ 36 በመቶ ይበልጣል። ኢንተርኩለር አድርገህ ወደ 45 ዲግሪ ብታወርደው 53 በመቶ ይሆናል።

አሁን የሚገርመው። 36 በመቶውን ባጣኸው ላይ ስትመልሰው ስንት ይሆናል? ባሕር ጠለል ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከሚስበው ጋር እኩል ነው። ልዩነቱ 1 በመቶ ገደማ ነው። ማለት 0.5 ባር ያለ ኢንተርኩለር ማለት ከፍታው የወሰደብህን ማስመለስ ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ለዚያ አየር የሚበቃው ነዳጅ ደግሞ ፖምፓህ ውስጥ አለ። በጭስ እየጣልከው ነው።

ዳገት_ፈሪ

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቁጥር_ወዳድ፣ ኑሪልኝ። ማለት ቪቴውን ሳልነካ ጭሱ ራሱ ጉልበት ይሆናል እያልሽኝ ነው?

ቁጥር_ወዳድ

ያ ነው። ቱርቦው እስኪነቃ ድረስ ባለው ዝቅተኛ ዙር ላይ ግን ጭሱ እንዳለ ይቆያል፣ እሱን አልዋሽህም።

አሮጌ_መፍቻ

ልጅቷ በደንብ አስቀመጠችው። አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዱ ፖምፓ አናቱ ላይ ቆብ የመሰለች የከፍታ ማስተካከያ አላት። ውስጧ በአየር ግፊት የምትነፋና የምትኮማተር ነገር አለች፣ ከፍታ ስትወጣ ነዳጁን ትቀንሳለች። ያ ያለው መኪና ጭሱ ትንሽ ነው። ያንተ የሚያጨሰው ወይ የላትም፣ ወይ ተበላሽታለች። ካለች ደግሞ ልብ በል፦ እሷ የምታውቀው የውጭውን አየር እንጂ ቱርቦው የሚሰጠውን አይደለም። ቱርቦ ኖሮም ነዳጁን መቀነሷን ትቀጥላለች። ኮፈኑን ክፈትና ፎቶ ላክልኝ።

ዳገት_ፈሪ

ከፈትኩ፣ የለም ጋሼ። ክዳኑ ልሙጥ ነው።

አሮጌ_መፍቻ

እንግዲያው ተገላገልክ። ቪቴዋን አትንካት።

ብየዳ_በቤት

ወደ ብረቱ እንምጣ፤ ቁጥሩ አደከመኝ።

ኪት ለሌለው ሰው ዋናው ሥራ ጭሱን ከሞተሩ ወደ ቱርቦው የሚያደርሰው ማኒፎልድ ነው። ቀጭን የማርሚታ ቱቦ እንዳትጠቀም። ቱርቦ የሚሸከም ማኒፎልድ በቀን ስንት ጊዜ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከላዩ ላይ ደግሞ ያ ሁሉ ክብደት ተንጠልጥሏል። ቀጭን ብረት ብየዳው ዳር ይሰነጠቃል። የእንፋሎት መስመር ላይ የሚሠራበትን ግድግዳው ወፍራም የሆነ ቱቦና ክርን ፈልግ። ከፋብሪካ ትርፍ ብረት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ቅርጹ ቀላል ይሁን፤ አንድ ወፍራም ግንድ፣ ስድስት አጭር እግሮች። ለውድድር አይደለም የምትሠራው።

ሞተሩ ላይ የሚታሰረው ሳህን ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ይኑረው። ስትበይድ ባዶውን አትበይደው። ወፍራም ብረት ላይ፣ ወይም ከተገኘ አሮጌ ቴስታ ላይ፣ በቡሎን አጥብቀህ እሰረውና እዚያው ላይ በይድ። ከጨረስክ በኋላ እንደታሰረ ይብረድ። እኔ የመጀመሪያዬን ሳላስር በይጄ ሳነሳው እንደ ቀስት ጎብጧል፣ በሁለቱ ጫፍ 4 ሚሊሜትር ብርሃን ይታያል። አስረህም ቢሆን መጨረሻ ላይ ማሽን ቤት ፊቱን ይላጩልህ።

ለሙቀት ጌጁ የሚሆነውን ቀዳዳ ማኒፎልዱ ጠረጴዛ ላይ እያለ ብሳ። መኪናው ላይ ከተገጠመ በኋላ የሚበሱ ሰዎች አሉ። አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ወደ ተርባይኑ ከገባች ቢላዎቹን ትበላቸዋለች።

ዳገት_ፈሪ

ቀዳዳው ከቱርቦው በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ብየዳ_በቤት

በፊት። እግሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ።

ተቃጥዬ_ተማርኩ

በፊት በፊት በፊት። ከቱርቦው በኋላ ብታደርገው ጋዙ ተርባይኑን ሲያዞር ሙቀቱን ጥሎ ነው የሚያልፍ፣ ጫና ላይ 100 ዲግሪና ከዚያም በላይ ዝቅ ብሎ ይታይሃል። ያ ልዩነት ራሱ እንደ ሥራው ይቀያየራል፣ ደምሬ አውቀዋለሁ ማለት አትችልም። እኔ አሁን ከቱርቦው በፊት ረጅም ዳገት ላይ 650 ካየሁ እግሬን አነሳለሁ። መኪና ለመቅደም ስል 700ን ለቅጽበት አይቼዋለሁ፣ እዚያ መቆየት ግን አልፈልግም።

ቤንዚን_ይሻላል

እሺ ናፍጣ ላይ ተሸነፍኩ። ከተነሳ አይቀር እኔም ልጠይቅ። ኒሳን ኤል28 አለኝ፣ 2.8 ሊትር ስድስት ሲሊንደር በመስመር፣ ባለ ኢንጀክሽኑ። እሱስ ላይ በትንሽ ወጪ ይሆናል?

ቁጥር_ወዳድ

ይሆናል፤ ፋብሪካውም አድርጎታል። ከ1981 ጀምሮ 280ዜድኤክስ ቱርቦ ላይ የተገጠመው ኤል28ኢቲ ያንተ ወንድም ነው፣ መጭመቂያው ግን 7.4 ነው። ቱርቦ የሌለው በ8.3 ነበር የሚወጣው። ያንን አንድ ነጥብ የቀነሱት ማንኳኳትን ፈርተው ነው። ቶዮታም በ2ጄዜድ ሞተሩ ያው ነው ያደረገው፣ ቱርቦ የሌለው 10፣ ቱርቦ ያለው 8.5። ስለዚህ 8.3 ይዘህ 0.3 ወይም 0.4 ባር ላይ ቆመህ መኖር ትችላለህ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ነዳጁና የእሳቱ ሰዓት ናቸው የሚወስኑት።

አሮጌ_መፍቻ

ቤንዚኑ ላይ ርካሽ መንገድ የሚባለው ነገር ነው የሚያስፈራኝ። የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያ ብቻ ቀይሮ "ተስተካከለ" የሚል ሰው ብዙ ነው። አንተ ኢንጀክተሮቹን ከፍ አድርግ፣ የሚስተካከል ኮምፒውተር ፈልግ፣ ሰፊ መጠን የሚያነብ የኦክስጅን ሴንሰር ማርሚታው ላይ አስገባ። ሙሉ ጫና ላይ ከ11.5 እስከ 12 አየር ለአንድ ነዳጅ አካባቢ ይሁንልህ። እሳቱን ግፊት በጨመረ ቁጥር አዘግየው። ካንዴላውን አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ አድርግ። ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ የሚያንቀጫቅጭ ድምፅ ከሰማህ በዚያችው ቅጽበት እግርህን አንሳ፤ "እስቲ ደግሜ ልስማው" አትበል።

ደግሞ የፍሬኑ ረዳት ቫኪዩሙን የሚወስደው ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ነው። ወደዚያ ግፊት እንዳይሄድ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ መሥራቱን በአፍህ ነፍተህ አረጋግጥ። ናፍጦቹ በዚህ ዕድለኞች ናቸው፣ የራሳቸው የቫኪዩም ፖምፓ አላቸው።

ሌላውን በራስህ የውይይት ክር ላይ ጠይቅ፤ የልጁን ቦታ አንያዝበት።

ዳገት_ፈሪ

(ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ተመልሻለሁ። ማኒፎልዱ አለቀ። ፊቱ ተላጭቶ መስታወት መስሏል፣ ጣቴን ሳስኬድበት ደስ ይለኛል፣ ሌሊት ተነስቼ አይቼዋለሁ ብል ታምኑኛላችሁ?

ቱርቦውን ከመግጠሜ በፊት በእጄ ፈተሽኩት። ዘንጉ ወደ ጎን ትንሽ ይወዛወዛል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስገፋው ግን ምንም አይልም። ይሄ ደህና ነው?

አሮጌ_መፍቻ

ወደ ጎን ትንሽ መወዛወዝ ጤና ነው፤ ሲዞር ዘይቱ ነው መሃል ላይ የሚይዘው። ወደ ፊትና ኋላ ከተንቀሳቀሰ ግን ጣለው። አንድ ነገር ደግሞ አድርግ፦ በጣትህ ወደ ጎን ገፍተህ እንደያዝክ አዙረው። ቢላዎቹ ግድግዳውን ከነኩ አይሆንም። በሁለቱም በኩል አድርገው። የጋዙን ቤት ውስጡን በባትሪ እይ፣ ስንጥቅ ካለ በዌስትጌቱ (ትርፍ ጋዙን ተርባይኑን ሳይነካ የሚያሳልፈው በር) ቀዳዳ ዙሪያ ነው የሚጀምረው።

ዳገት_ፈሪ

አይነካም፣ ስንጥቅም የለም። ገጠምኩት።

ዘይት መስጫውን ከዘይት ግፊት ሴንሰሩ ላይ በቲ ወሰድኩ። መመለሻውን ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ቋት) ላይ በስቼ አስገባሁ። ኮፓውን አውርጄ ነው የበሳሁት። ጓደኛዬ "እዚያው ላይ በቅባት ብሳው፣ ፍቅፋቂው ቅባቱ ላይ ይቀራል" ሲለኝ ነበር፣ አልሰማሁትም።

መጀመሪያ ከማስነሳቴ በፊት የፖምፓውን የነዳጅ መዝጊያ ሽቦ ነቅዬ፣ ቱርቦው ላይ ያለውን የዘይት ቱቦ ላላ አድርጌ፣ በሞተሪኖ ብቻ አዞርኩት። ዘይቱ ጠብ ጠብ ሲል አጠበቅኩ። ከዚያ ሽቦውን መልሼ አስነሳሁ።

ቀጥሎ የሆነውን ልንገራችሁ። ቆሞ ሲሠራ አምስት ደቂቃ ደህና ነበር። ከዚያ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ መጣ። ትንሽ አይደለም፣ ግቢው ሙሉ ነጭና ሰማያዊ ሆነ። ጎረቤት ምን ተቃጠለ ብሎ ወጣ። ነዳጅ ስረግጥ ይቀንሳል፣ ስተወው ይብሳል። ማርሚታውን ፈትቼ ሳየው የቱርቦው መውጫ በዘይት ርሷል። ቱርቦው አልቆለታል ማለት ነው? ሌላ የመግዣ ገንዘብ የለኝም።

ተቃጥዬ_ተማርኩ

ገና አትደንግጥ። የመመለሻው ቀዳዳ ከኮፓው የዘይት ልክ በላይ ነው ወይስ በታች?

ዳገት_ፈሪ

... በታች። ቦታው ስለተመቸኝ ነው።

ተቃጥዬ_ተማርኩ

😂 አይዞህ። ቱርቦህ ምንም አልሆነም።

አሮጌ_መፍቻ

ብዙ ደህና ቱርቦ በዚህ ምክንያት ተጥሏል።

ዘይቱ ወደ ቱርቦው በግፊት ይገባል፣ ሲወጣ ግን የሚገፋው የለም። በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው፣ ያውም አረፋ ሆኖ። መውጫው ዘይት ውስጥ ከተነከረ መሄጃ ያጣል፣ ቱርቦው ሆድ ውስጥ ይሞላል፣ ከዚያ በዘንጉ ዳርና ዳር ባሉት ማኅተሞች በኩል ይወጣል። እነዚያ ማኅተሞች እንደ ጎሚኒ የሚዘጉ አይደሉም፣ እንደ ፒስተን ፋሻ ያሉ ቀለበቶች ናቸው። ዘይቱን ያስቆመው ነበር የምትለው ነገር የጋዙ ግፊት ነው። ለዚህ ነው ስትረግጥ የሚቀንሰው፣ ስትተወው የሚብሰው። ራስህ ነግረኸን ነበር፣ አላወቅከውም እንጂ።

ቀዳዳውን ከዘይት ልኩ በላይ አውጣው። ቱቦው ውስጡ ቢያንስ 16 ሚሊሜትር ይሁን፣ 19 ቢሆን ይሻላል። ከቱርቦው እስከ ኮፓው ቁልቁል ይሂድ፣ መሃል ላይ የሚጎብጥ፣ ወደ ላይ የሚመለስ ነገር እንዳይኖረው። ከዚያ የሞተሩን መተንፈሻ ተመልከት። ኮፓው ውስጥ አየር ከታፈነም ዘይቱ አይወርድም።

ብየዳ_በቤት

መተንፈሻው ላይ ልጨምር፦ ድሮ ወደ አየር ማስገቢያው ነበር የሚሄደው። አሁን ያ ቦታ ግፊት ያለበት ሆኗል። እዚያው ከተውከው ቱርቦው ኮፓህን ይነፋዋል። ከፊልትሮው በኋላ፣ ከቱርቦው በፊት ባለው ቱቦ ላይ ግጠመው።

ዳገት_ፈሪ

ሁለቱንም ነው ያጠፋሁት። ሁለቱንም። ነገ ኮፓውን መልሼ አወርዳለሁ።

ቤንዚን_ይሻላል

ግቢ ሙሉ ጭስ የሚለውን ሳነብ የስቃዬን ያህል ነው የሳቅኩት ወንድሜ፣ ይቅርታ። ፎቶ ካለህ ላክ።

ዳገት_ፈሪ

(ከዘጠኝ ቀን በኋላ)

ፎቶ የለኝም፣ ካሜራው ውስጥ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ቀዳዳውን ወደ ላይ አወጣሁት፣ የታችኛውን በየድኩት። ቱቦው 19 ሚሊሜትር ነው፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። መተንፈሻውን ቀየርኩ። አስነሳሁት። ማርሚታው ውስጥ የነበረው ዘይት እስኪቃጠል ሃያ ደቂቃ ገደማ አጨሰ፣ ከዚያ ቆመ። በቃ፣ ቆመ።

ትናንት ያቺኑ ዳገት ወጣሁ። ሆን ብዬ ድሮ የምጭነውን ያህል ጫንኩ። ድሮ ሁለተኛ ማርሽ የምገባበት ኩርባ ላይ ስደርስ እጄ ከልምድ የተነሳ ወደ ማርሹ ሄደ፣ ግን አላስፈለገም። በሦስተኛ ወጣሁት። የግፊቱ ጌጅ 0.45 ላይ ነበር። የሙቀት ጌጁ እየጨመረ እየጨመረ ሄዶ 580 ላይ ቆመ፣ ጫፍ ድረስ ከዚያ አላለፈም። ስፖኪዮ ውስጥ የማየው ኋላዬ ያለው መንገድ ነበር። ጭስ የለም። ከ1800 ዙር በታች ስረግጠው ብቻ ትንሽ ያጠቁራል፣ ቁጥር_ወዳድ እንዳለችው።

ያወጣሁትን ደምሬ አየሁት። ከቱርቦው ይልቅ ጌጆቹ፣ ማሽን ቤቱ፣ ቱቦዎቹና ፋሼታዎቹ ይበልጣሉ። ኢንተርኩለር አልገጠምኩም፣ ለአሁኑ አያስፈልገኝም።

አንድ አዲስ ነገር ግን አለ። በአራተኛ ማርሽ ከ2000 ዙር ሙሉ ስረግጠው የሞተሩ ዙር ዘሎ ይወጣል፣ መኪናው ግን አይከተለውም። የሚቃጠል ነገርም ይሸተኛል።

ብየዳ_በቤት

ፍሪሲዮንህ ደህና ሰንብት እያለህ ነው።

አሮጌ_መፍቻ

ፍሪሲዮኑ ድሮም እያለቀ ነበር፣ ጉልበት ስላልነበረ ነው ያልተናገረው። ካምቢዮው ሲወርድ የኋላውን የዘይት ማኅተም አብረህ ቀይረው፤ ለእሱ ብለህ ሁለተኛ እንዳታወርደው። እስከዚያው በአራተኛና በአምስተኛ ቀስ ብለህ እርገጥ። ራዲያተሩንም ከውጭ በውሃ አሳጥበው፣ ከበፊቱ የበለጠ ሙቀት ነው የሚጥለው።

ደግሞ አሁን ሞተሩ የምትጠይቀውን ስለሚሰጥህ የታይሚንግ ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ አስብ። አታውቀውም አይደል?

ዳገት_ፈሪ

አላውቀውም ጋሼ። መኪናውን ስገዛ "አዲስ ነው" ተብያለሁ።

አሮጌ_መፍቻ

እሱ እንግዲህ አዲስ አይደለም ማለት ነው። ቀይረው።

ተቃጥዬ_ተማርኩ

580 ስትል ቀናሁብህ፤ አልዋሽም። አንድ ጥያቄ ብቻ። 580 ካየህ በኋላ "ገና 70 ዲግሪ ይቀረኛል፣ ቪቴዋን የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ብቻ ብነካት ምን ይሆናል" አላልክም?

ዳገት_ፈሪ

አልነካሁም።

ተቃጥዬ_ተማርኩ

አላሰብክም ወይ ነው ያልኩት።

ዳገት_ፈሪ

መፍቻዋ ኪሴ ውስጥ ናት።

አሮጌ_መፍቻ

አውጣትና ለብየዳ_በቤት ስጠው፤ እሱ ይያዝልህ።